የእትዬ ያለምወርቅ ማክሰኞ

ሸጋ ወይዘሮ ያለምወርቅን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብላ አፏን ሞልታ ተናግራ አታውቅም። ሁለት ዓመት ያህል ቤታቸው እየገባች፣ ብርዛቸውን እየጠጣች፣ ከጎናቸው ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች፣ የት እንደተወለዱ፣ ባላቸው በምን እንደሞተ፣ ልጅ ለምን እንዳልወለዱ አንዱንም አታውቅም ነበር። የምታውቀው ጥቂት ነው። አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው የወፈረ፣ ሲቆጡ የሚስቁ፣ ሲስቁ ደግሞ የተቆጡ የሚመስሉ ሴት ነበሩ። ቤታቸው ዳንግላ ውስጥ፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ አለፍ ብሎ ነው። ደጃፋቸው ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም። ከዚህ በላይ ንገሪን ብትባል ሸጋ የምትለው አልነበራትም።

መጀመሪያ የተዋወቁት በፈረስ ምክንያት ነው። ሸጋ ከዘንገና አካባቢ ለባለጋሪው ለደርበው ተድራ ዳንግላ ስትመጣ፣ አማርኛ ብትሰማም አፏ ላይ ይከብዳት ነበር። ባሏ ከጠዋት ጀምሮ ሰውና ጆንያ ሲያመላልስ ይውላል። እሷ ሰው ስለሌላት፣ ማታ ፈረሱን ስታበላ በአገውኛ ታጫውተዋለች። ፈረሱ የአገሯ ፈረስ ስለሆነ የሚገባው ይመስላታል። አንድ ቀን ወይዘሮ ያለምወርቅ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ።

"አንች ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

ሸጋ ደንግጣ ሣሩን ጣለችው። "ከፈረሱ።"

"ምን ይልሻል?"

"ምንም አይለኝ።"

"እንግዲያ ማክሰኞ እኔ ቤት ነይ። የሚመልሱልሽ ሴቶች አሉ።"

ማክሰኞ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ እሳቸው ቤት ሴቶች ይሰበሰባሉ። ማኅበር አይደለም፤ ጽዋ የለም፣ ቄስ አይመጣም። ለፈትል ነው። ወንዶቹ በእርሻ ወንፈል እንደሚገቡት፣ ሴቶቹም የአንዷን ጥጥ ተጋግዘው ይፈትሉላታል። ተረኛዋ ጥጧን አምጥታ መሃል ታፈሰዋለች። አንዷ ፍሬውን ትለያለች፣ አንዷ በደጋን ትነድፋለች፣ ሌሎቹ እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ሲሆን ተራው ወደ ሌላዋ ይዞራል። የራሷን ጥጥ ይዛ ጥግ ልትይዝ የሞከረች ካለች ወይዘሮ ያለምወርቅ እንዝርቷን ይቀሟታል። "የራስሽን ለመፍተል የራስሽ ቤት አለልሽ፤ እዚህ ምን አመጣሽ?" ይሏታል። ማን ከማን ጎን እንደምትቀመጥ የሚወስኑትም እሳቸው ናቸው። ጎረቤትና ጎረቤት፣ እህትና እህት አጠገብ ለአጠገብ አይቀመጡም።

በዚያ ቤት የማይባል ነገር አንድ ነበር። በአገሩ ሁለት ሴቶች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት የማን ልጅ እንደሆኑ ነው። ሸጋ የመጀመሪያ ቀን ገብታ ሳትቀመጥ፣ ምህረቴ የምትባል ፊቷ ቀይ፣ ምላሷ ፈጣን ሴት፣ "የማን ልጅ ነሽ?" ብላ ጀመረች።

"የእኔ እንግዳ ናት። አይበቃሽም?" አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

"እንዴ እትዬ፣ ዘር መጠየቅ ነውር ሆነ?"

"እዚህ ቤት ነውር ነው። ውጭ ስትወጪ እንደፈለግሽ።"

ሸጋ ያን ቀን ለእሷ ሲሉ የከለከሉ መሰላት። የገጠር ልጅ መሆኗ፣ አማርኛዋ መሰባበሩ እንዳያሳፍራት ያሰቡላት መሰላት።

ቀስ በቀስ ሁሉንም ለመደቻቸው። ሳቅ የማያልቅባት ፈሪዳ፣ ገበያ ውስጥ ጥጥ የሚሸጠው የሸዕባን ሚስት ነበረች። ለእሷ ሲባል በዚያ ቤት ጠላ አይቀርብም፤ ብርዝና ቆሎ ነው። ሴቶቹ ጥጡን ሲለዩ ሁልጊዜ እሷን ይጎነትሏታል።

"ፈሪዳ፣ የባልሽ ጥጥ ምነው ፍሬው በዛ?"

"ፍሬው ነዋ የሚመዝነው! ጥጡ ብቻ ቢሆን ንፋስ ነው፤ ባሌ ንፋስ ሊሸጥላችሁ ነው?"

ከሁሉም ዝምተኛዋ ማናለብሽ ነበረች። ከወንዝ ማዶ ነኝ ከማለት በቀር ስለራሷ የምትናገረው የለም። ክሯ ግን ከማንም የቀጠነ ነው፤ ስትፈትል ጣቶቿ የሚነኩት አይመስሉም። ጥፍሮቿ ተፈትገው ተፈትገው ቀልተው፣ ዳር ዳሩ ቆስሎ ይታያል። ፈሪዳ አንድ ቀን እጇን ይዛ ገለበጠችው።

"አንች፣ ጥፍርሽን በአሸዋ ነው እንዴ የምታሽው?"

"ልማድ ነው" አለች ማናለብሽ፣ እጇን ቀስ ብላ መልሳ።

"ይኸ የእመቤት እጅ ነው እናንተ! የቄስ ሚስት ሳትሆን አትቀርም፤ ደብቃን ነው!"

ሁሉም ሳቁ። ማናለብሽም ሳቀች።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ ጨለማ፣ ሸጋ ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን እንየው አሉት። ከወለደች ብዙም ሳትቆይ ትኩሳት ያዛትና ራሷን ሳተች። ጡቷ ደረቀ። የሆነውን ሁሉ ኋላ ከሌሎች አፍ ነው የሰማችው። ደርበው በዝናቡ መንገድ ላይ ተይዞ ቀርቶ ነበር። ወይዘሮ ያለምወርቅ መጥተው ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለው ወሰዱት። የሚያጠቡትን የማክሰኞ ሴቶች ሁሉ ጠሩ። ምህረቴ ሞከረች፤ አልያዘላትም። ሌላዋ ሞከረች፤ ጠብቶ አስመለሰው። ልጁ ድምፁ እየጠፋ ሲሄድ ወይዘሮ ያለምወርቅ ራሳቸው በጭቃ ወንዙን ተሻግረው ሄዱና ማናለብሽን ይዘዋት መጡ። እሷም በዚያን ጊዜ ሴት ልጇን ታጠባ ነበር። እንየው የእሷን ጡት ያዘ። ሸጋ አገግማ እስክትነሳ ድረስ ማናለብሽ ጠዋትና ማታ ሙላቱን እየተሻገረች መጣች።

ሸጋ ድና፣ ክረምቱም አልፎ፣ በአንድ ማክሰኞ የጡት ልጅነት ወጉን አደረሱ። ማናለብሽ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ በሴቶቹ ፊት እንየውን አጠባችው፤ እሱም የጡት ልጇ ሆነ። እንዲህ ከሆነ በኋላ መካካድ የለም። ደርበው በር ላይ ቆሞ፣ አዲስ ነጠላ አለበሳትና "ከእንግዲህ እህቴ ነሽ፤ ቤቴ ቤትሽ ነው" አላት። ማናለብሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ሴቶቹ በደስታ ነው ብለው እልል አሉ።

ነገሩ የተገለጠው በጥር ነው፤ በገበያ ቀን።

የሸጋ እንስራ ተሰንጥቆባት ነበርና ልጇን አዝላ ሸክላ ልትገዛ ወጣች። የሸክላ ተራ ከገበያው ሁሉ መጨረሻ፣ ማንም የማይቀመጥበት ዳገት ላይ ነው። የሚሸጡት ጠይቦች ናቸው። ሰው ከእነሱ ይገዛል እንጂ አብሯቸው አይበላም፣ ቤታቸው አይገባም፣ ልጅ አይሰጣቸውም፤ ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ሸጋም እንደማንኛዋም እናት፣ ተራው ጋ ስትደርስ የእንየውን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችው። ከአንዲት አሮጊት ፊት ቆማ፣ ዓይኗን ከሸክላው ሳታነሳ፣ አንዱን እንስራ በጣቷ አንኳኳች። ድምፁ ደህና ነበር።

"ሌላም አለ፤ እየመጣ ነው" አለች አሮጊቷ።

አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ፣ በገመድ የታሰረ ሸክላ በጀርባዋ ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ሸክሟን ቀስ ብላ አወረደችና ቀና አለች።

ማናለብሽ ነበረች።

ሸጋ መጀመሪያ ያየችው ፊቷን አይደለም፤ እጇን ነው። እስከ ክንዷ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጥፍሮቿ ሥር ጠቁሯል። ያ ሁሉ መፈተግ ለምን እንደነበር በአንድ ጊዜ ገባት። 

 ማናለብሽ ዓይኗን ወደ መሬት አወረደች።

"እመቤቴ፣ የትኛውን ልስጥዎ?" አለች።

እህቴ የምትላት፣ አብራት በአንድ ሰፌድ ቆሎ የቆረጠመች ሴት አንቱ አለቻት። ሸጋን ከጭቃው ይልቅ ይህ አስደነገጣት። ማናለብሽ አላውቅሽም እያለቻት ነው፤ በሰው ፊት እያዳነቻት ነው። እንየው ግን የማናለብሽን ድምፅ ሰማ። በነጠላው ሥር ተወራጨ፣ ጨርቁን ከፊቱ ጎትቶ ጣለ፣ ሳቀ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከእናቱ ጀርባ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ደረት ተንጠራራ። ማናለብሽ ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች፤ ወዲያው መልሳ ወደኋላ ሸሸች። ልጁ መጮህ ጀመረ።

"በስመ አብ!" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ምህረቴ ናት፤ ድስት ይዛ ቆማለች። ማናለብሽን አየች፣ ልጁን አየች፣ ድስቱን መሬት ላይ ጥላ ሄደች።

ሸጋ እንስራውንም ሳትገዛ ወደ ቤቷ ሮጠች። በሩን ዘግታ እንየውን ጭኗ ላይ አስተኝታ አፉን ከፈተችው። ድዱን፣ ምላሱን፣ ጉሮሮውን አየች። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም። ጣቷን አስገብታ ስትዳስስ ልጁ በአዲሶቹ ሁለት ጥርሶቹ ነከሳትና ሳቀ።  የቡዳ ጡት ጠብቶ ያደገ ልጅ ተብሎ ስሙ ቢወጣ ማን አብሮት ይበላል? ማን ልጁን ይድርለታል? ደርበው ቢሰማ ምን ያደርጋል? እሷን ከነልጇ ጭኖ ወደ ዘንገና ቢመልሳትስ? ማታ ሲመጣ ምንም አልነገረችውም። ከዚያም ቀን በኋላ አልነገረችውም። ልጁን ግን ሲተኛ ትንፋሹን እየሰማች ታድራለች።

ማክሰኞ ሲደርስ ሄደች። ለምን እንደሄደች ብትጠየቅ እንጃ ነበር መልሷ።

ሴቶቹ ሁሉ ቆመው አገኘቻቸው። መደቡ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ያለምወርቅ ብቻ ነበሩ፤ እንዝርታቸው በእጃቸው ነው። ያን ቀን ተራው የማናለብሽ ነበር። አልመጣችም፤ መሃል የሚፈስ ጥጥም አልነበረም።

ምህረቴ በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ ትጮሃለች። "እኔ በዓይኔ አይቻለሁ! ጭቃ በጭቃ ሆና! እትዬ፣ ጠይብ መሆኗን ያውቁ ነበር?"

"አውቃለሁ" አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

 ሴቶቹ ሁሉ አላውቅም ይሉናል ብለው ነበር የጠበቁት። ተሸውደው፣ ተታልለው፣ እሳቸውም እንደነሱ ደንግጠው ሊያገኟቸው ነበር የመጡት።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው። ቤቷ ድረስ ሄጄ ነይ ያልኳት እኔ ነኝ። አልመጣም ብላኝ ነበር፤ ለመንኳት።"

አንዷ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ሌላዋ እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች። ሸጋ በሩ አጠገብ ባለው ግድግዳ ተደገፈች። ያ የዘር ጥያቄ ክልከላ ለእሷ ሲባል አልነበረም።

"አብረናት በልተናል!" አለች ምህረቴ። "የክርስቲያን ልጅ አጥብታለች እኮ!"

"እሷም ክርስቲያን ናት።"

"ጠይብ ናት!"

"ውሃ የምትጠጭበትን እንስራ ማን ሠራው ምህረቴ?"

"እንስራ ሌላ፣ ጡት ሌላ!"

ፈሪዳ መሃል ገባች። "እኔም እስላም ነኝ፤ ከእኔ ጋር ስትቀመጡ ምን ሆናችሁ?" አለች፤ ድምጿ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

"አንችን እናውቅሻለን። ስምሽን ሳትደብቂ ነው የመጣሽው። እሷ ናት የደበቀችን!" አለች ምህረቴ።

 ፈሪዳ ወደ ወይዘሮ ያለምወርቅ ዞረች። "እትዬ፣ ቢነግሩን ምን ነበረበት?"

"ብነግራችሁ ትመጡ ነበር?"

 ፈሪዳ እንዝርቷን ሰብስባ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ወጣች። ያለ ቀልድ ከዚያ ቤት ስትወጣ ሸጋ ያን ቀን ብቻ ነው ያየቻት። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። በሩን ሲያልፉ ለወይዘሮ ያለምወርቅ ደህና ይዋሉ ያላቸው አልነበረም።

ምህረቴ ግን ሸጋ ፊት ቆመች። "አንችስ? ልጁ ያንች ነው። ጠበል አስገቢውና ያን ጡት በሰው ፊት ካጂ። እኔ ምስክር እሆንሻለሁ፤ ስሙም ሳይጠፋ ይቀራል። እምቢ ካልሽ ደርበው ዛሬ ከእኔ አፍ ይሰማዋል።"

 ሸጋ አማርኛው ሁሉ ጠፋባት፤ የመጀመሪያውን ቀን መሰለች። እንየው ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፤ ትንፋሹ አንገቷ ላይ ይሞቃል።

"እኔ እነግረዋለሁ" አለች።

"ምን ብለሽ?"

"ልጅህን ያተረፈችው ጠይብ ናት ብዬ።"

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ እሷው ራሷ ደነገጠች። ምህረቴ አፏን ከፍታ አየቻት፣ ሦስት ጊዜ አማተበችና ወጣች።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሸጋ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ያለምወርቅ እንዝርታቸውን ማሾር ቀጠሉ። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ምንም ሳይሉ ቀጠሉት። ሸጋ እሳቸው እጅ ላይ ክር ሲበጠስ አይታ አታውቅም።

"ለምን አልነገሩኝም?" አለቻቸው።

"ራስሽን ስተሽ ነበር። ለማን ልንገር?"

"ከዳንኩ በኋላስ?"

"ከዳንሽ በኋላ ደስ ብሎሽ ነበር። እሷም ደስ ብሏት ነበር። እኔ ደስታ አላበላሽም ብዬ ዝም አልኩ።" ቀጥለውም "ማታ ደርበው ቢቆጣ ከነልጁ እዚህ ነይ፤ በሩ ክፍት ነው" አሉ።

"ማናለብሽስ? ትመጣለች?"

"ነገ ወንዙን እሻገራለሁ። እምቢ ትለኛለች። ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ።"

ሸጋ የእሳቸውን ፊት ተመለከተች። ሁለት ዓመት ያየችው ፊት ነው፤ ምኑንም አታውቀውም። ከገበያው ቀን ጀምሮ ይዛው የዞረችው ጥያቄ ስለ ማናለብሽ አልነበረም። ስለ እሳቸው ነበር።

"እትዬ" አለች፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች። "ያን ቀን ልጄን ጡቷ ላይ ሲያደርጉት፣ ቡዳ የሚባል ነገር የለም ብለው ነው? ወይስ እርስዎም እንደኛው እያመኑ፣ ከሚሞት ይሞከር ብለው ነው የሰጡት?"

እንዝርቷ ቆመች። ወይዘሮ ያለምወርቅ ወደ ሸጋ አላዩም፤ ጀርባዋ ላይ የተኛውን ልጅ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"እሱን አልነግርሽም" አሏት።